የዛምቢያ ሮክ፦ ሸክላው ተገኘ፣ ሰዎቹስ?

የሸክላ እብድ

ሰላም ቤተሰብ። ረዘም ያለ ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ኑ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የጻፍኩት።

በ2024 መጨረሻ ላይ የአሜሪካዊው ራፐር የታይለር ዘ ክሪኤተር «ኖይድ» እንደወጣ ጓደኛዬ ላከልኝ። ራፑን ትቼ ከሥሩ ያለው ነገር ያዘኝ። የሚያጓራ ጊታር፣ በላዩ በማላውቀው ቋንቋ የሚዘፍን ሰው። የናይጄሪያ መስሎኝ ነበር። ስቆፍር አመሸሁና ደረስኩበት። ንጎዚ ፋሚሊ የሚባል የዛምቢያ ባንድ በ1977 ያወጣው ዘፈን ነው። ቋንቋው ንያንጃ ነው፣ «ንጎዚ» ማለት ደግሞ አደጋ ማለት ነው። መሪው ፖል ንጎዚ ጊታሩን በጥርሱ ይጫወት ነበር። በ1989 ሞቷል።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንዱን ስከፍት ሌላው ይመጣል። ዊች፣ አማናዝ፣ ሙሲ ኦ ቱንያ፣ ሪኪ ኢሊሎንጋ፣ ክሪሲ ዜቢ ቴምቦ፣ ኪዝ ምሌቩ። ባንዱም ዘፋኙም ሁሉም በአንድ ስም ዛምሮክ፣ የዛምቢያ ሮክ፣ ይባላሉ። ሙሲ ኦ ቱንያ ስሙን የወሰደው ከታላቁ ፏፏቴያቸው ከቪክቶሪያ ነው፤ «የሚያጓራው ጭስ» እንደ ማለት ነው። እኛም የራሳችንን ፏፏቴ ጢስ ዓባይ ማለታችን ገርሞኛል። ውሃ አይቶ ጭስ ማለት የጋራ ነው መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛምቢያ በ1964 ነጻ ስትወጣ ኑሮዋ በመዳብ ላይ ነበር። ከውጭ ንግድ ገቢዋ ከ90 በመቶ በላይ የሚገባው ከመዳብ ነው። ኪትዌ፣ ንዶላ፣ ሙፉሊራ፣ ቺንጎላ የማዕድን ከተሞች ናቸው። ደሞዝ አለ፣ የሠራተኛ ክበብ አለ፣ ቅዳሜ ማታ አለ። የቢትልስ፣ የሮሊንግ ስቶንስ፣ የሄንድሪክስ ሸክላ ይገባል። ልጆቹ እነሱን በመኮረጅ ጀመሩ። የዊች ዘፋኝ ኢማኑኤል ቻንዳ «ጃጋሪ» የተባለው በሚክ ጃገር ነው። ጫፉ ላይ አንድ ፊደል ጨመሩበትና የአገር ልጅ ሆነ።

ቀጥሎ ፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳ መጡ። እሳቸውም ጊታር ይዘው የሚዘፍኑ ሰው ነበሩ። ሬዲዮ ከሚያሰማው ሙዚቃ 95 በመቶው የዛምቢያ ይሁን አሉ። እንግዲህ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ይከፈታል፣ በምን ይሞላ? ኮራጆቹ የራሳቸውን መጻፍ ግድ ሆነባቸው። ዊች የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ሲተነተን «ብጥብጥ ልናስነሣ አስበናል» የሚል ምህጻር ነው። በራሳቸው ወጪ ያሳተሙት «ኢንትሮዳክሽን» ዛምቢያ ውስጥ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው አልበም እንደሆነ ይነገራል።

ዕድሜው አጭር ነበር። በ1973 ነዳጅ ተወደደ። በዚያው ዓመት ከሮዴዥያ (ከዛሬዋ ዚምባብዌ) ጋር ያለው ድንበር ተዘጋ። በ1975 የመዳብ ዋጋ ወደቀ። ዛምቢያ የጎረቤት አገሮችን ነጻ አውጪዎች አስጠግታ ስለነበር የሮዴዥያ ጦር ሉሳካ ድረስ እየመጣ ይደበድብ ነበር። ሰዓት እላፊ፣ መብራት ማጥፋት። ሸክላ መግዛት የሀብታም ነገር ሆነ። በመጨረሻ ኤድስ መጣ። ከዊች የጥንቶቹ አባላት መካከል 2001 ሲደርስ የቀረው ጃጋሪ ብቻ ነበር።

እኔ «ዘመን ጠፋ» ሲባል የማስበው ፋሽን ያለፈበት ነገር ነው። ሱሪ ሰፊ ነበር፣ ጠበበ። እዚህ ግን ሱሪው ሳይሆን የለበሱት ናቸው የሄዱት፣ ያውም በሰላሳና በአርባ ዓመታቸው። ሸክላው ተገኝቷል፣ እንደገና ታትሟል፣ ይሸጣል። ጥያቄዬ ስለ ሌላው ነው። ሸክላው ላይ ያልተቀዳውን ማን ይዞታል?

ዝም ብዬ ነው

ቡናዬ አለቀ፣ አንተ አላለቅህም። ቀጥል ግን።

ዲሲ ማታ

«ተገኝቷል» ትላለህ። ማን አገኘው በለኝ። እዚህ ማታ ማታ መኪና እየነዳሁ አንዳንዱ ተሳፋሪ ስለ አፍሪካ ሙዚቃ ያስተምረኛል። ከአፍሪካ ነኝ ስለው ይበልጥ ያስተምረኛል! የዚያ ዘመን ኦሪጅናል ሸክላ በመቶዎች፣ አንዳንዱም ከሺህ ዶላር በላይ ይሸጣል። ይህ ብር ኪትዌ ደርሶ ያውቃል? ከባንዱ አባል መበለት ቤት ሸክላውን በሳንቲም ገዝቶ የወጣ ሰው ቅርስ አዳነ አይባልም።

የሸክላ እብድ

የአሮጌ ሸክላ ነጋዴውንና እንደገና የሚያሳትመውን ለይልኝ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ነጋዴው ሺህ ዶላር ሲሸጥ ለሙዚቀኛው አምስት ሳንቲም አይደርስም፣ እስማማለሁ። የሎስ አንጀለሱ አሳታሚ ናው አጌይን ግን ከራሳቸው ከጃጋሪና ከሪኪ ኢሊሎንጋ ጋር ሆኖ ነው ያሳተመው። ጃጋሪ በስድሳ ዓመቱ አውሮፓና አሜሪካ መድረክ ላይ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መምህር ነበር። በኋላም የከበሩ ድንጋዮች ሲቆፍር ነበር። ስለ እሱ በ2019 የወጣውን ዘጋቢ ፊልም ካገኛችሁ እዩት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ታገኙታላችሁ። በመዳብ አገር ተወልዶ፣ መዳብ ባሳደገው ሙዚቃ ስሙ ገንኖ፣ በሽምግልናው መሬት ሲቆፍር። እኔ ልብ ወለድ ብጽፍ አጋነንክ ትሉኝ ነበር።

ለእኛስ ቢሆን ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1997 የድሮ ሙዚቃችንን እንደገና የሚያሳትመውን «ኢትዮፒክስ»ን ባይጀምር ስንቱን እናውቅ ነበር? እየመረረህም ቢሆን ታመሰግናለህ።

ዲሲ ማታ

አባቴ ያውቅ ነበር። እናቴም ታውቅ ነበር። «እኛ» የምትለው ማንን ነው?

ጊታር ሰባሪ

ስለ ብሩ ተከራከሩ፣ እኔ ስለ ድምፁ ላውራ።

ብዙ ሰው ዛምሮክ ላይ የሚሰማውን ችችችች «የዘመኑ ጣዕም» ይለዋል። ወንድሜ፣ እሱ ጣዕም አይደለም። የብዙዎቹ ማስተር ቴፕ፣ ዋናው ቅጂ፣ ጠፍቷል። እንደገና ሲታተሙ የተገለበጡት ከተገኘው ሸክላ ላይ ነው፣ መርፌ ስንት ጊዜ ካረሰው ሸክላ። የምትሰሙት የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ጭምር ነው። ፋዙ፣ ያ የሚያጓራው ሻካራ ድምፅ፣ ግን ከራሱ ከጊታሩ ነው፣ ፔዳሉን ጥግ ድረስ ከፍተውት ነው።

አሁን የአማናዝን «አፍሪካ» ስሙ፣ የ1975 ነው። ሁለት ዓይነት ሚክስ አለው። አንዱ ደረቅ ነው፣ ሰዎቹ ክፍልህ ውስጥ የሚጫወቱ ይመስልሃል። ሌላው ውስጥ ኤኮው ተለቋል፣ ድምፃቸው ከሸለቆ ማዶ የሚመጣ ይመስላል። ያው ዘፈን፣ ያው ሰዎች፣ ያው ቀን። የትኛው ነው እውነተኛው? እኔ ደረቁን እወዳለሁ። ጓደኛዬ በዚህ ተጣልቶኛል፣ ሳምንት አልተነጋገርንም።

የባንዱ ስም ራሱ በእንግሊዝኛ «ስለ ዛምቢያ ጎበዝ አርቲስቶች ጠይቁኝ» የሚል ምህጻር ነው። ጠያቂ ሳይመጣ ብዙዎቹ ሄዱ።

ሉሳካ የነበረች

ይህን ክር ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። ሉሳካ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሒሳብ ክፍል። አንድ ነገር ላስተካክልላችሁ፣ በተለይ ለሸክላ እብድ።

ቢሯችን አንድ ትልቅ ሰው ሾፌር ነበሩ። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ከስልኬ ንጎዚ ፋሚሊ ከፈትኩ፣ ልክ እንደ አንተ ከኢንተርኔት ያገኘሁት ነው። «የጠፋ ሙዚቃ አገኘሁ» አልኳቸው በኩራት። መሪውን ይዘው ሳቁ። «ለማን ነው የጠፋው?» አሉኝ። ቃል በቃል አብረው ዘፈኑት። ፖል ንጎዚ እዚያ የሰፈር ሰው ነው። ስለ ሰካራም ባል፣ ስለ አማት፣ ስለ ኪራይ ቤት ጭቅጭቅ የዘፈነ ሰው በየቤቱ ይታወሳል። እሳቸው ያላወቁት ቃሉን ነው። ዛምሮክ ስላቸው «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት መጥፋት አለ። ፖል ንጎዚ አገሩ ውስጥ አልጠፋም፣ ውጭ ነበር የማይታወቀው። እንደ አማናዝ ያሉት ግን እዚያም ወጣቱ አያውቃቸውም ነበር። በእንግሊዝኛ የዘፈኑት ለውጭ ሰሚ ቀለሉ፣ በንያንጃና በቤምባ የዘፈኑት በየሰው አፍ ቀሩ። ከዚህ ሆናችሁ ስትሰሙ ይህ አይታይም።

ደግሞ ማን ይዞታል ላልከው፣ እዚያው ያሉ ሰዎች ይዘውታል። ሞዚ አርትስ የሚባል የሥነ ጥበብ ማዕከል ሉሳካ ውስጥ የዛምሮክ ሙዚየም ከፍቷል። ሌሎች ወጣቶች ደግሞ ፋይን አርት ስቱዲዮስ ከሚባል የድሮ ፎቶ ቤት፣ ደንበኛው መጥቶ ያልወሰደውን ፎቶ እየሰበሰቡ ማህደር ሠርተዋል። እሱ ስለ ሮክ አይደለም፣ ስለ ሰው ነው። ግን የዚያን ዘመን ሱሪ፣ ጫማ፣ ጸጉር፣ ፎቶ ለመነሳት የተዋሱትን ሬዲዮ ታያላችሁ። እኔ ሸክላ ከመስማት ይልቅ እነዚያን ፎቶዎች ሳይ ነው ሙዚቃው የገባኝ። ይህን ለብሶ ነው የሚጨፍረው፣ አልኩ።

ዲሲ ማታ

ይህን ነው የምፈልገው። አመሰግናለሁ እህቴ። ሙዚየሙ አገር ቤት ሲሆን ዝም እላለሁ።

ዝም ብዬ ነው

ዲሲ ማታ ዝም ሊል! ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ።

ካዛንቺስ 71

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። በጽሑፍ ብዙ አልጎብዝም፣ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

እኔ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ቤዝ እጫወት ነበር። ስለ ዛምቢያ አላውቅም። ሰዓት እላፊ ሲባል ግን ጆሮዬ ቆመ። እኛ ዘንድ ሰዓት እላፊ ሲመጣ ምን ሆነ? ሙዚቃው ረዘመ። እንግዳው ከገባ መውጫ የለውም፣ በሩ ይዘጋል፣ እስከ ንጋት እንጫወታለን። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ዘፋኙ ደክሞት ሲቀመጥ በዘፈን ያልነበረ ነገር እንጀምራለን። ያ ረጅም የመሣሪያ ሙዚቃ የመጣው ከዚያ ነው፣ ከመተኛት መከልከል። አንዱም አልተቀዳም። ቴፕ ሪከርደር ያለው ሰው ነበር ግን ባትሪ ለእንደዚህ ያለ ነገር ማን ያባክናል?

እዚያስ እንዴት አደረጉ?

የሸክላ እብድ

ጋሼ፣ እንኳን መጡልን። እዚያ ተቃራኒው ነው የሆነው። ማታ መውጣት ሲከለከል ትርኢቱን ወደ ቀን አመጡት። «የሻይ ሰዓት» ትርኢት ይሉት ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አናት ላይ እያለች ሮክ። በብርሃን የሚጫወት የሮክ ባንድ አስቡት፣ ሰው ሁሉ ይተያያል። ሌሊቱን ሙሉ የሚሄድ ባንድ በሦስት ሰዓት ውስጥ ጨርሶ ዕቃውን መሰብሰብ አለበት።

እርስዎ እስኪሉት ድረስ ግን አላገናኘሁትም። ያው ክልከላ እናንተን ረጅም አደረገ፣ እነሱን አጭር።

ካዛንቺስ 71

ሌላም ልንገራችሁ። የምንጫወትበት መሣሪያ የእኛ አልነበረም። የሆቴሉ ነው። ከባለቤቱ ጋር ከተጣላህ ጊታሩን አስቀምጠህ በባዶ እጅ ትወጣለህ። ባንድ የሚፈርሰው በሙዚቃ አለመግባባት ይመስላችኋል፣ በቁልፍ ነው የሚፈርሰው፣ ማከማቻው ቁልፍ ማን ጋ ነው። ሸክላ ጀርባ ላይ ይህ አይጻፍም። ዩኒፎርማችንን ልብስ ሰፊው በዱቤ ሰፍቶልን ሳንከፍለው ቀርተናል፣ ነፍሱን ይማረው። ከዛምቢያም የቀሩትን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋቸው። ዘፈኑን አይደለም፣ ዘፈኑ አላችሁ።

ሉሳካ የነበረች

ጋሼ የተናገሩት ትክክል ነው። ፊልሙም ሆነ ሙዚየሙ ጥሩ የሚሆነው እዚያ ሲደርስ ነው። ለራሴ «ቅርስ አዳነ» የምለው ግን ሌላ ነው። ጃጋሪ በ2023 «ዛንጎ»ን ያወጣው ወጣት አውሮፓውያንና ዛምቢያውያን ሰብስቦ፣ ዱሮ ዊች በቀዳበት ሉሳካ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ከጥንቶቹ በኋላ፣ በ1980ዎቹ ዊች የገባው ፓትሪክ ምዎንዴላ ኪቦርድ ላይ አለ። ዛምቢያ የተወለደችው ራፐር ሳምፓ ዘ ግሬት ደግሞ ከዊች ጋር ዘፍናለች። አጎቷ ከዊች መሥራቾች አንዱ የነበረው ጆርጅ ኩንዳ ነው። ማስታወስ እንዲህ ሲሆን መታሰቢያ አይመስልም፣ ሥራ ይመስላል።

ጊታር ሰባሪ

አልስማማም ሙሉ በሙሉ። አዲሱ ዊች ጥሩ ባንድ ነው፣ ወድጄዋለሁ። ግን ድምፁ ንጹሕ ነው። ያ የ1970ዎቹ ነገር የመጣው ከእጥረት ነው። አንድ አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ለሦስት ሰው፣ ለመቅዳት የተሰጠ ጥቂት ሰዓት። ፋዙ የመጣው ከዚያ ነው ለማለት ትንሽ ይቀረኛል። ያንን በጥሩ ስቱዲዮ መድገም አይቻልም፣ መድገምም የለበትም። ሌላ ነገር ነው ብሎ መቀበል ይሻላል።

ሉሳካ የነበረች

ደሃ ሁኑና በደንብ ትጫወታላችሁ ማለትህ ነው?

ጊታር ሰባሪ

😂 አይ! እሺ፣ ተይዣለሁ።

የሸክላ እብድ

አንድ ነገር ልጨምርና እረፍት እሰጣችኋለሁ። «ዛምሮክ» የሚለውን ቃል ያወጣው ማናሴ ፊሪ የሚባል የሬዲዮ ዲጄ ነው ይባላል። ይህ ሰው ኋላ ሐኪም ሆነ። ሐኪም ሆኖም በዛምቢያ ስለ ኤድስ በግልጽ በመናገር ከታወቁት አንዱ ሆነ። ሙዚቃቸውን በሬዲዮ ስም ሰጥቶ፣ ከዓመታት በኋላ በሬዲዮና በጋዜጣ ስለሚገድላቸው በሽታ ሕዝብ ሲያስጠነቅቅ። ያኔ የበሽታውን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው ጥቂት ነበር። የባንዶቹ ልጆች «አባታችን በሳምባ ነው የሞተው» እየተባሉ ነው ያደጉት ብዬ እገምታለሁ፣ እኛም አገር ያደግነው እንደዚያ እየተባልን ነውና።

ለዚህ ነው ሸክላው ብቻ ያልበቃኝ። አዲስ ስለታተመው ሸክላ ብዙ ይጻፋል። ፋዙ፣ ሽፋኑ፣ ዋጋው። የሞታቸው ነገር በአንድ መስመር ያልቃል።

ዲሲ ማታ

ይህኛው አንቀጽ ላይ መኪናዬን አቆምኩ።

ዝም ብዬ ነው

እሺ፣ ቀልዴን ላቁም። አንድ ነገር አለኝ።

አጎቴ ኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ይሠራ ነበር፣ ታይፒስት። የኢሲኤ ሉሳካ ቢሮ ሲከፈት ተመድቦ የተወሰኑ ዓመታት ኖሯል። ቤታችን ቁም ሳጥን ላይ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካሴት አለ። ልጅ ሆኜ ሪባኑን እየጎተትኩ የተመታሁበት ካርቶን ነው። አሁን ይህን ክር ሳነብ ወጥቼ አወረድኩት። አሥራ ሰባት ካሴት። አብዛኛው የአማርኛ መዝሙር ነው። አራቱ ላይ ግን በእሱ እጅ ጽሑፍ «ሉሳካ ሬዲዮ» ይላል። አንዱ ላይ «ሉሳካ ሬዲዮ፣ አታጥፉ» ይላል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሯል።

ላጫውተው ነው፣ ቴፑን እያመጣሁ ነው።

ጊታር ሰባሪ

ቁምምም! አታጫውት!

በመጀመሪያ በብርሃን እየው። ሪባኑ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ እንደዚያ ከሆነ ቴፑ ውስጥ አታስገባው። ከሌለ እርሳስ አስገብተህ በእጅህ ቀስ እያልክ ትንሽ አዙረው፣ ተጣብቆ እንደሆነ ታውቃለህ። ውስጡ ያለችው ትንሿ ስፖንጅ ረግፋ ከሆነ ካሴቱን ከፍቶ ሪባኑን ወደ ሌላ ቤት ማዛወር ይቻላል፣ በብሎን የተዘጋ ከሆነ ቀላል ነው። የቴፑን ሄድ፣ ሪባኑን የሚነካውን ብረት፣ በአልኮል ጥረገው። መጀመሪያ ከመዝሙሮቹ አንዱን፣ ሌላ ኮፒ ያለውን አጫውት። ቴፑ የሚበላ ከሆነ እሱን ይብላ። ይቅርታ፣ ግን እንደዚያ ነው። ስታጫውት ደግሞ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ወደ ኮምፒውተር እየቀዳህ ይሁን። ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላል።

የካርዱን ጽሑፍም ፎቶ አንሳ።

ሉሳካ የነበረች

አጎትህ አሉ?

ዝም ብዬ ነው

አሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ሃያ ሁለት ማዞሪያ ነው የሚኖሩት።

ሉሳካ የነበረች

ታዲያ ብቻህን አትስማው። አጠገብህ አስቀምጣቸው። ሌላ ስልክ ከፍተህ እሳቸው የሚሉትን ቅዳ። ሬዲዮው ላይ ያለው ዘፈን ምናልባት ሌላ ቦታ አለ። «አታጥፉ» ያሉበት ምክንያት ግን እሳቸው ጋ ብቻ ነው ያለው።

ዝም ብዬ ነው

ደወልኩ። «የትኛው፣ በቀይ የተሰመረበት?» አሉኝ ወዲያው። ሌላ ምንም አላሉም። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ።

ችግሩ ቴፑ ነው። ሲከፈት ሞተሩ ይዞራል፣ ካሴቱ አይዞርም። ጎማው ላሽቋል። መርካቶ የቴፕ ጎማ አሁንም የሚሸጥ ሰው አለ?

ካዛንቺስ 71

መርካቶ አትልፋ። እኔ ጋ አለ፣ ሁለት ዓይነት። የቴፑን ፎቶ በውስጥ ላክልኝ፣ ጀርባውን ጭምር። ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ታመጣልሃለች። እኔም ብመጣ ቅር ይልሃል?

ዝም ብዬ ነው

ጋሼ ይምጡ እንጂ። ቡናው ከእኔ ነው።